ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት፦ ፍላንጅ ያለውና የሌለው ጎማ በሞዴል የእንፋሎት ባቡር ላይ

አምስት ጥንድ አንቀሳቃሽ ጎማ ያለው ሎኮሞቲቭ ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። ማያያዣ ዘንጎቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጎማዎቹ አንድ ላይ ይዞራሉ። ከዚያ ኩርባው ይመጣል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የፊተኛው ጎማ ቀስ ብሎ ሐዲዱ ላይ ይወጣና ሎኮሞቲቩ ዘጭ ይላል።

ይህ የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «የመሃለኛውን ጎማ ፍላንጅ ሞርደህ ጣለው።» ምክሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ግን ፍላንጅ ማንሳት የመጨረሻው መድኃኒት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የተነሣ ፍላንጅ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ መጀመሪያ እንለካ፣ ቀጥለን እናስላ፣ ሞረዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ፍላንጅ ምን ይሠራል?

ፍላንጅ ማለት በባቡር ጎማ የውስጥ ጠርዝ ዙሪያውን ወጣ ያለው ከንፈር ነው። ከሐዲዱ በስተውስጥ በኩል ይወርድና ጎማው ወደ ጎን እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጎማው ሐዲዱን የሚረግጥበት ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ጠፍጣፋ አይደለም። ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ከፍላንጁ አጠገብ ወፈር፣ ወደ ውጭ ጠርዙ ቀጠን ይላል። በእውነተኛ ባቡር ላይ ጥንዱን ጎማ ወደ ሐዲዱ መሃል የሚመልሰው በዋናነት ይህ ዝንባሌ ነው። ፍላንጁ የሚመጣው ዝንባሌው ብቻውን ሲያቅተው ነው።

ሞዴል ላይ ነገሩ ይለያል። ኩርባዎቻችን በጣም ጠባብ ስለሆኑ አብዛኛውን የመምራት ሥራ የሚሠራው ፍላንጁ ራሱ ነው። ለዚህም ከልኩ በላይ ትልቅ ተደርጎ ይሠራል። የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር አርፒ 25 ብሎ ባወጣው የጎማ ቅርጽ ላይ፣ በኤችኦ (ከእውነተኛው 1 ለ87 በሆነው የሞዴል መጠን) ብዙ የተለመደው ጎማ ስፋቱ 2.79 ሚሊሜትር ነው፤ የፍላንጁ ቁመት ደግሞ እስከ 0.64 ሚሊሜትር ይደርሳል። የእውነተኛ ባቡር ፍላንጅ ቁመት 28 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለ87 ሲካፈል 0.32 ሚሊሜትር ይሆናል። ሞዴሉ ላይ ያለው ፍላንጅ ስለዚህ ከልኩ እጥፍ ነው ማለት ነው።

አሁን ችግሩን እንይ። ሎኮሞቲቩ ቀጥ ያለ አካል ነው፤ ኩርባው ግን ቀስት ነው። ቀስትና ገመዱን አስቡ። የፊተኛውና የኋለኛው አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኙን ጎማ የሚያገናኘው ዘንግ፣ የገመዱ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ሁለቱም ሐዲዱ ላይ ይቀመጣሉ። የመሃለኛው አክስል ግን በገመዱ መሃል ላይ ስለሚገኝ ከቀስቱ ርቆ ወደ ኩርባው ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ የውስጠኛው ጎማ ፍላንጅ የውስጠኛውን ሐዲድ ይገፋል። ሐዲዱ አይሸሽም። የሚሸሸው ሎኮሞቲቩ ነው፤ ከዚያም የፊተኛው ጎማ በውጪው ሐዲድ ላይ ይወጣል። ብዙዎች ጥፋቱን ከፊተኛው ጎማ ይፈልጋሉ። ጥፋተኛው ግን መሃል ላይ ተቀምጧል።

እውነተኞቹ ባቡሮች እንዴት ተወጡት?

ፍላንጅ የሌለው ጎማ የሞዴል ሠሪዎች ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። 9ኤፍ የተባለው የብሪታንያ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1960 ድረስ 251 ተሠርተዋል። 2-10-0 ነው፤ ማለትም ከፊት 2 መሪ ጎማ፣ ቀጥሎ 10 አንቀሳቃሽ ጎማ፣ ከኋላ ምንም። ከአምስቱ አንቀሳቃሽ አክስሎች የመሃለኛው ጎማዎች ፍላንጅ የላቸውም። በዚህም ምክንያት ያን ያህል ረጅም ሆኖ ራዲየሱ 122 ሜትር የሆነ ኩርባ ማለፍ ችሏል።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። በኩርባዎችና በሐዲድ መቀየሪያዎች ላይ ከዋናው ሐዲድ አጠገብ ጠባቂ ሐዲድ ይተከላል። ዘመናዊው ጠባቂ ሐዲድ አንዳንድ ቦታ ከዋናው ሐዲድ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ፍላንጅ የሌለው ሰፊ ጎማ ወደ ጎን ሲንሸራተት ይህን ከፍ ያለ ብረት ሊረግጠው ይችላል። ተጠብቀው የቆዩት 9ኤፎች በብሪታንያ ዋና መስመር ላይ እንዳይሄዱ የተከለከሉትም ለዚህ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ሞዴላችሁ ላይም ተመልሶ ይመጣል።

ሌላው መንገድ የኦስትሪያው መሐንዲስ የካርል ጎልስዶርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 አምስት አንቀሳቃሽ አክስል ያለውን ሎኮሞቲቩን ሲያወጣ ፍላንጅ ከማንሳት ይልቅ የተወሰኑት አክስሎች ወደ ጎን እንዲንሸራተቱ አደረገ። አክስሉ ግራና ቀኝ መላወሻ አለው፤ ኩርባው ሲመጣ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከታሰቡት ሁሉ ያማረው ይህ ነው። ሞዴል ላይ ደግሞ በሚገርም ሁኔታ ቀላል ነው።

በተቃራኒው ጫፍ በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራው 4-14-4 ይገኛል። ሰባት አንቀሳቃሽ አክስል ነበረው። የመካከለኞቹ ጎማዎች ፍላንጅ አልነበራቸውም። እንዲያም ሆኖ ሐዲዱን ያበላሽ፣ መቀየሪያ ላይም ይወጣ ነበር። ለመደበኛ ሥራ ሳይውል ቀረ። ፍላንጅ ማንሳት የማያድነው ርዝመት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያሳይ የለም።

ደረጃ 1፦ ለኩ

ካሊፐር ያስፈልጋችኋል። ዲጂታሉ ይሻላል፤ የምንነጋገረው ስለ ሚሊሜትር አሥረኛ ነውና።

መጀመሪያ የአክስል ርቀቱን ለኩ፦ ከፊተኛው አንቀሳቃሽ አክስል መሃል እስከ ኋለኛው አንቀሳቃሽ አክስል መሃል። መሪ ጎማዎቹንና ተከታዮቹን አትቁጠሩ፤ እነሱ በራሳቸው ይታጠፋሉ።

ቀጥሎ ጀርባ ለጀርባ ያለውን ርቀት ውሰዱ። ይህ በአንድ አክስል ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች ጀርባ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ከሆነ 14.4 አካባቢ መሆን አለበት። በየአክስሉ ሦስት ቦታ ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ጎማው ዘሟል፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። በኩርባ ላይ ይወጣል ተብሎ ከተወቀሰ ሎኮሞቲቭ ስንቱ በዚህ ብቻ ድኗል! አንዱ ጎማ በአክስሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ተንሸራቶ ነው፤ ከፍላንጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከዚያ የፍላንጁን ውፍረት፣ የጎማውን ስፋትና የኩርባችሁን ራዲየስ መዝግቡ። ራዲየሱን ከሁለቱ ሐዲዶች መሃል ለኩ። መስመሩን በእጃችሁ የዘረጋችሁት ከሆነ በጣም የጠበበውን ቦታ ፈልጉ። ሎኮሞቲቩ የሚወድቀው እዚያ ነው፤ በአማካዩ አይደለም።

ደረጃ 2፦ አስሉ

ስሌቱ አንድ መስመር ነው። የአክስል ርቀቱን በራሱ አባዙት። የኩርባውን ራዲየስ በ8 አባዙት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የመሃለኛው አክስል ከሐዲዱ መሃል ምን ያህል ወደ ኩርባው ውስጥ እንደሚገባ ይነግራችኋል። «ግባት» እንበለው።

በ9ኤፍ እንሥራው። የእውነተኛው የአክስል ርቀት 6.6 ሜትር ነው። በኦኦ ስኬል፣ ማለትም በ1 ለ76፣ 87 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ኩርባው 438 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው የተለመደው ዝግጁ ሐዲድ ነው እንበል። 87 በ87 ሲባዛ 7569 ነው። 438 በ8 ሲባዛ 3504 ነው። ሲካፈል 2.16 ሚሊሜትር።

እስቲ ይህን ከእውነተኛው ጋር አስተያዩት። የ438 ሚሊሜትር ኩርባ በእውነተኛው ዓለም 33 ሜትር ገደማ ነው። 9ኤፍ የተሠራው ለ122 ሜትር ነበር። ሞዴሉን የምንጠይቀው እውነተኛው ባቡር ፈጽሞ የማይሞክረውን ነው። ለዚህ ነው «እውነተኛው ፍላንጅ አለው፣ የእኔም ይኑረው» የሚለው ክርክር ሁልጊዜ የማይሠራው።

አሁን ሐዲዱ የሚሰጠውን መላወሻ እንፈልግ። ጀርባ ለጀርባው 14.4፣ ሁለቱ ፍላንጆች እያንዳንዳቸው 0.75 ቢሆኑ ድምሩ 15.9 ይሆናል። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ስለሆነ 0.6 ሚሊሜትር ይተርፋል። የጫፍ አክስሎቹ በ0.3 ወደ ውጪ ይጠጋሉ፤ የመሃለኛው በ0.3 ወደ ውስጥ ይጠጋል። ሐዲዱ በነፃ የሚሰጠን 0.6 ነው።

የምንፈልገው 2.16፣ ያለን 0.6። 1.56 ሚሊሜትር ጎደለ። ፍላንጁ ካለ ይህ ሎኮሞቲቭ እዚህ ኩርባ ላይ መሄድ የሚችለው የመሃለኛው አክስል በእያንዳንዱ ጎን 1.56 ሚሊሜትር ሲንሸራተት ብቻ ነው። ያ ብዙ ነው፤ ማያያዣ ዘንጉም አይችለውም።

በሌላ በኩል ትንሽ ባለ ሦስት አክስል ሎኮሞቲቭ ውሰዱ፤ የአክስል ርቀቱ 55 ሚሊሜትር ነው እንበል። በዚያው ኩርባ ላይ ግባቱ 0.86 ነው። ከሐዲዱ 0.6 ሲነሣለት የሚጎድለው 0.26 ብቻ ነው። ይህን የአክስሉ ተራ መላወሻ ይሸፍነዋል። የዚህን ሎኮሞቲቭ ፍላንጅ የሚሞርድ ሰው ጤነኛ ጎማ ነው የሚያበላሸው።

አራት አክስል ላለው ደግሞ መካከለኞቹ ሁለቱ ከትክክለኛው መሃል ወጣ ያሉ ስለሆኑ፣ አክስሎቹ በእኩል ርቀት ላይ ካሉ በ8 ፈንታ በ9 አባዙ።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ መላወሻ ፈልጉ

ሎኮሞቲቩን ገልብጣችሁ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት። የመሃለኛውን አክስል በጣታችሁ ግራና ቀኝ ግፉት። ምን ያህል ይንቀሳቀሳል? አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥሩ መላወሻ አለው። አንዳንዱ ደግሞ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ሮንዴላ ገብቶበት ታስሯል። ሮንዴላዎቹን ማውጣት ብቻ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊሜትር ሊሰጣችሁ ይችላል። ኩሽኔታዎቹ ከፍሬሙ ወጣ ያሉ ከሆነ ፊታቸውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማሳነስ ይቻላል።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ማያያዣ ዘንጉ። አክስሉ ወደ ጎን ሲሄድ ዘንጉን ይዞ ይሄዳል ወይም በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ይንሸራተታል። ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚይዘው ፒን በቂ ርዝመት ከሌለው ዘንጉ ይጨናነቃል። ሁለተኛ፣ ማርሹ። ሞተሩ የሚነዳው የመሃለኛውን አክስል ከሆነ ጥርሱ በጎን ሲንሸራተት ከጓደኛው ጋር እንደተያያዘ መቆየት አለበት። ሦስተኛ፣ የፊተኛው አክስል። ሲሊንደሩና የቢየላው (ከሲሊንደሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ጫፍ የሚመላለሱት ከፊተኛው ጎማ ፒን ፊት ለፊት ነው። እዚያ መላወሻ ብትጨምሩ ፒኑና ቢየላው ይጋጫሉ። የፊተኛው አክስል ስለዚህ ጥብቅ ይሁን፤ መላወሻው ለመካከለኞቹ ይሰጥ።

መላወሻው ብቻውን ካልበቃ ገና አንድ መንገድ አለ፤ ፍላንጁን ማሳሳት። ቁመቱን ሳይሆን ውፍረቱን፣ ያውም ወደ ሐዲዱ በሚያየው ጎን። ፍላንጁ ቦታው ላይ ይቆያል፣ ለዓይንም ያምራል፣ ግን 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ይለቃል። በእውነተኛ ሎኮሞቲቮችም የተሠራበት ዘዴ ነው። የጎደላችሁ ትንሽ ከሆነ ከዚህ አትለፉ።

ደረጃ 4፦ የትኛው ጎማ?

ስሌቱ እምቢ ካለ ወደ ሞረዱ እንሄዳለን። የፊተኛውንና የኋለኛውን አንቀሳቃሽ ጎማ ግን አትንኩ። ሎኮሞቲቩን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ባለ ሦስትና ባለ አምስት አክስል ላይ የመሃለኛው ብቻ ይነሣ። ባለ አራት አክስል ላይ እጩዎቹ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ ግን በአንዱ ጀምሩና ሞክሩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይመጣል። ፍላንጅ የሌለው ጎማ ነፃ የወጣ ይመስላል። ግን ሐዲዱን ጭራሽ ሊስት ይችላል።

ወደ 9ኤፋችን እንመለስ። የጎማው ስፋት 2.8 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጀርባው ከሎኮሞቲቩ መሃል 7.2 ላይ ነው (የ14.4 ግማሽ)፣ ውጪኛው ጠርዙ ደግሞ 10.0 ላይ። የሐዲዱ የውስጥ ፊት 8.25 ላይ ነው። የጫፍ አክስሎቹ 0.3 ወደ ውጪ ስለተጠጉ የመሃለኛው ግባት 2.16 ሳይሆን 1.86 ይሆናል። በውጪው ሐዲድ በኩል የጎማው ጠርዝ ከ10.0 ወደ 8.14 ይመጣል። ሐዲዱ የሚጀምረው 8.25 ላይ ነው። ጎማው ሐዲዱን አይነካውም፤ በሐዲዱ ውስጥ በኩል አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህን በወረቀት ከማየቴ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለ አምስት አክስል ሎኮሞቲቭ ነበረኝ። ስሌት ሳልሠራ የመሃለኛውን ፍላንጅ አነሣሁ። ወደ ኩርባው ሲገባ ጸጥ ብሎ ሄደ፤ ደስ አለኝ። ከኩርባው ሲወጣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ቆመ። ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁት። የመሃለኛው ጎማ ብሩህ ጠርዝ ከሐዲዱ ራስ በታች ወርዶ፣ በጎኑ ተደግፎ ቆሟል። ኩርባው ሲያልቅ ወደ ሐዲዱ ተመልሶ መውጣት ነበረበት፤ አልቻለም። የፊተኛው ጥንድም አብሮ ተነሥቷል። ሎኮሞቲቩን ሳነሣው ሐዲዱ የውስጥ ጠርዝ ላይ ቀጭን አዲስ ጭረት ነበር። ያን ቀን ያስፈለገኝ የአንድ ደቂቃ ስሌት ነበር።

መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነው። ለመሃለኛው አክስል በየጎኑ 0.4 ሚሊሜትር መላወሻ ስጡት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፍላንጅ የሌለውን አክስል ወደ ጎን የሚገፋው ሐዲድ የለም። የሚጎትተው ማያያዣ ዘንጉና ሰበቃው ብቻ ስለሆነ መላወሻውን ሁልጊዜ በሙሉ አይጠቀምበትም። ከተጠቀመበት ግባቱ 1.46 ይሆናል፤ የጎማው ጠርዝ 8.54 ላይ ያርፋል፣ ሐዲዱን ወደ 0.3 ሚሊሜትር ይረግጣል። ጠባብ ነው፣ ግን ይይዛል። ካልተጠቀመበት ይስታል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ሰፋ ያለ ኩርባ ነው። ያው ሎኮሞቲቭ በ600 ሚሊሜትር ራዲየስ ላይ መላወሻው ሳይቀነስለት ግባቱ ከ2.16 ወደ 1.58 ይወርዳል። ቦታ ካላችሁ ከጎማው በፊት መስመሩን ቀይሩ።

ደረጃ 5፦ ፍላንጁን ማንሳት

ጥንዱን ጎማ ከፍሬሙ አውጡ። በካቻቪቴ የታችኛውን መሸፈኛ ፍቱ፣ የማያያዣ ዘንጉን ብሎኖች አላሉ፣ አክስሉን ከነጎማዎቹ ሳብ አድርጋችሁ አውጡ። ጎማዎቹን ከአክስሉ አታላቁ። የግራና የቀኝ ፒኖች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ተጣጥመው ነው የተገጠሙት። ይህ ልክ ከተናጋ ማያያዣ ዘንጉ ይታሰራል፤ መልሶ ማስተካከሉ ከፍላንጁ ሥራ በላይ ይከብዳል።

ሎኮሞቲቩ ላይ እንደተገጠመ ሞተሩን እያስዞሩ በሞረድ የሚነኩ ሰዎች አሉ። ፈጣን ይመስላል። ግን የብረት ብናኙ ወደ ሞተሩ ማግኔትና ወደ ማርሹ ግራሶ ይገባል፤ ከዚያ አይወጣም። እባካችሁ አታድርጉት።

ትንሽ ቶርኖ ካላችሁ ሥራው የደቂቃዎች ነው። አክስሉን ያዙት፣ በቀስታ አዙሩት፣ ፍላንጁን በቀጭን በቀጭኑ አውርዱት። ቶርኖ ከሌላችሁ አክስሉ ጫፉ ወጣ ያለ ከሆነ በትራፓኖ ራስ ያዙት፤ ትራፓኖውን በሞርሳ አጥብቁት፣ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ አድርጉት። የጎማውን መርገጫ በጥቁር ማርከር ቀቡት። ከዚያ ጠፍጣፋ ደቃቅ ሞረድ ፍላንጁ ላይ ብቻ አሳርፉ። ሞረዱ ጥቁሩን ቀለም መንካት ሲጀምር ፍላንጁ ከመርገጫው ጋር እኩል ሆኗል ማለት ነው፤ ቁሙ።

መነጽር አድርጉ። በየአሥር ሰከንዱ አረፍ እያላችሁ ጎማውን በጣታችሁ ንኩት። ብዙ የሞዴል ጎማ መሃሉ ፕላስቲክ ነው፤ የብረቱ ቀለበት በላዩ ተጭኗል። ብረቱ ከጋለ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ቀለበቱ ይላቀቃል። ለጣታችሁ ከሞቀ ለፕላስቲኩም ሞቋል።

ሲያልቅ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ1000 ጨርሱ። መርገጫው አሁን ዘመም ሳይሆን ጠፍጣፋ ይሁን፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት ጎማ ነውና ዝንባሌው ሎኮሞቲቩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱን ጠርዞች በትንሹ አለዝቧቸው። ስለታም ጠርዝ መቀየሪያ ላይ ይነክሳል። ኒኬል ቅቡ ተነሥቶ ቢጫው ናስ ከታየ አትደንግጡ። ግን ናስ ቶሎ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ከዚህ ጎማ ኤሌክትሪክ አትጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ቁመቱ

አንዳንዱ ሰው ፍላንጁን ካነሣ በኋላ ጎማውን እንዳለ ይመልሰዋል። እኔ ከዲያሜትሩ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ተጨማሪ እቀንሳለሁ። ጎማው ከሐዲዱ በ0.1 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ በዓይን አይታይም። ፍሬሙ ጥብቅ ከሆነ፣ ማለትም አክስሎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የማይንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሐዲዱ ትንሽ ጉብ ባለበት ቦታ የመሃለኛው ጎማ ሎኮሞቲቩን አንሥቶ እንደ ሚዛን አያወዛውዘውም። ከሐዲዱ ቢስት እንኳ ሲመለስ የሚወጣው ደረጃ ዝቅተኛ ነው።

የሚከፈለውም አለ። የተንሳፈፈ ጎማ አይስብም፣ ኤሌክትሪክም አይሰበስብም። ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ያ ጥንድ ብቻ ከነበረ ሎኮሞቲቩ ይንተፋተፋል። የላስቲክ ቀለበት ያለበትን ጎማ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት፤ የመጎተት ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው።

አክስሎቹ በሞላ ላይ የተቀመጡ ከሆነ ግን ዲያሜትሩን አትቀንሱ። ሞላው ጎማውን ወደ ታች ስለሚገፋው ጥቅም የለውም፤ ከሐዲዱ በሳተ ቁጥር ይባሱን ይወርዳል። እዚያ የሚያስፈልገው አክስሉ ከልኩ በታች እንዳይወርድ ከታች የሚይዘው ነገር ነው። ሰው የሚጫንባቸው ትልልቅ በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄዱ ሞዴሎችም ላይ የመሃለኛው ጎማ የክብደት ድርሻውን መሸከም አለበት፤ እዚያ ሰፋ ያለ መርገጫ ያለው ጎማ ይሠራል እንጂ ጎማው አይንሳፈፍም።

ደረጃ 7፦ ፈትሹ

መጀመሪያ ያለ ሞተር። ማርሹን ማላቀቅ ከተቻለ አላቁትና ሎኮሞቲቩን በጣት እየገፋችሁ ኩርባው ውስጥ አስገቡት። ዓይናችሁን ከሐዲዱ ጋር እኩል አድርጉ፤ ከኋላ በኩል ባትሪ አብሩ። ብርሃኑ በጎማውና በሐዲዱ መካከል ያለውን ክፍተት ያሳያችኋል። የመሃለኛው ጎማ በሁለቱም በኩል ከሐዲዱ በላይ መሆን አለበት። ከዚያ በሞተር፣ በጣም ዝግ ብላችሁ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። ወደ ኋላ ሲሄድ መሪ ጎማዎቹ አይረዱትም፤ ድክመት የሚወጣው ያኔ ነው። ግራ ኩርባ ወዲያው ቀኝ ኩርባ የሚከተልበት ቦታ ካለ እዚያ ደጋግሙ።

መቀየሪያውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ነገር ስለሚደብቅ ነው። ሁለት ሐዲዶች በሚተላለፉበት መስቀለኛ ላይ ክፍተት አለ። ፍላንጅ ያለው ጎማ ጠባቂ ሐዲዱ ይመራዋል። ፍላንጅ የሌለውን ግን የሚመራው የለም፤ እንደ ግባቱ ይሄዳል። ሎኮሞቲቩ እዚያ ላይ ከፍ ካለ የጠባቂውን ሐዲድ ቁመት እዩ። የብዙ ዝግጁ መቀየሪያዎች ጠባቂ ሐዲድ ፕላስቲክ ነው፤ ከዋናው ሐዲድ በላይ የወጣ ከሆነ በሞረድ እኩል አድርጉት። 9ኤፎቹን ከዋናው መስመር ያስቀረው ያው ነገር ነው። እናንተ ግን ሐዲዱ የራሳችሁ ስለሆነ መሞረድ ትችላላችሁ።

ሎኮሞቲቩ መቀየሪያው ላይ ከፍ ሳይል ብልጭ ብሎ ከቆመ ችግሩ ሾርት ነው። ሰፊው ጎማ ወደ ጎን ሲንሸራተት መስቀለኛው ጫፍ ላይ ተቀራርበው ያሉትን ሁለት ሐዲዶች በአንድ ጊዜ ይነካል፤ አንዱ አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ ነው። የሐዲዱን ኤሌክትሪክ አጥፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉትና የሚነካበትን ነጥብ ፈልጉ። እዚያ ነጥብ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡ። ሲደርቅ ይከላከላል። በጎማ መመላለስ ስለሚያልቅ በየጊዜው መድገም ያስፈልጋል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ የፊተኛው ጎማ አሁንም የሚወጣ ከሆነ የመሃለኛውን አክስል ጨርሳችሁ አውጡና ያለ እሱ ሞክሩ። አሁንም ከወጣ በከንቱ አትልፉ፤ ጥፋቱ ከመሃል አይደለም። የመሪ ጎማዎቹ ሞላ ከመጠን በላይ ጠንክሮ የሎኮሞቲቩን አፍንጫ እያነሣው ሊሆን ይችላል። የፊተኛው ጀርባ ለጀርባ ጠብቦ ወይም ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። የሐዲዱ መገጣጠሚያም ኩርባው ላይ ሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ጣታችሁን በውስጠኛው ፊት ላይ ስታሄዱት ጥፍራችሁን የሚይዝ ነገር ካለ አግኝታችሁታል።